ሕግ ከስቅላት ያዳነው ሐኪም፤ የዶክተር ዊልያም ማይነር ሕይወት

በአንድ አገር ሕግ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ አስቸጋሪ ከሆኑት ጥያቄዎች አንዱ፣ አእምሮው የታመመ ሰው ነፍስ ቢያጠፋ ምን ይደረግ የሚለው ነው። ሕጉ ቢቀጣው የሚሠራውን ያላወቀ ሰው መቅጣት ይሆናል፤ ቢለቀው ደግሞ የሟቹ ደም ከንቱ ከመቅረቱም በላይ ሌላው ሕዝብ ለአደጋ ይጋለጣል። ይህ ጥያቄ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የአውሮፓንና የአሜሪካን ዳኞች፣ ሐኪሞችና ሹማምንት እጅግ ሲያስጨንቅ ኖሯል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው የአንድ ሐኪም ታሪክም ከዚሁ ጥያቄ የመነጨ ነው። ሰውየው አንድ ንጹሕ የወዛደር ደም አፍስሷል፤ ሕግ ግን አልሰቀለውም፣ አልለቀቀውምም። በተዘጋ በር ውስጥ ሁኖ ያሳለፈው ዕድሜ ግን ባዶ ሁኖ አልቀረም። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውሳለን።

ልደቱና ትምህርቱ

ዊልያም ቸስተር ማይነር በጁን ወር 1834 ዓ.ም. ያን ጊዜ ሲሎን ትባል በነበረችው፣ ዛሬ ስሪ ላንካ በምትባለው ደሴት ተወለደ። ወላጆቹ ከአሜሪካ ሰሜናዊ ምሥራቅ ክፍል፣ ከኒው ኢንግላንድ፣ ወንጌል ለመስበክ ወደዚያ የሄዱ ሚሲዮናውያን ነበሩ። ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ እናቱ ስለ ሞተችበት ያደገው በአባቱና በእንጀራ እናቱ እጅ ነው። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላው ትምህርቱን በአባቶቹ አገር እንዲቀጥል ተብሎ ኒው ሄቨን ወደምትባለው ከተማ፣ ወደ ዘመዶቹ ተላከ። በዚያችው ከተማ በሚገኘው በየል ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርቱን አጥንቶ በ1863 ዓ.ም. ተመረቀ።

በወጣትነቱ ያወቁት ሰዎች ጸጥተኛና ጨዋ፣ መጻሕፍት ወዳድ፣ ዋሽንት መንፋትና በውኃ ቀለም ሥዕል መሣል የሚችል ሰው እንደ ነበረ ይመሰክሩለታል። የተማረ፣ መልካም ቤተ ሰብ ያሳደገውና የወደፊት ኑሮው የተሳካ የሚመስል ወጣት ነበር። የአእምሮ ሕመም ድኻና ሀብታም፣ ምሁርና መሃይም ሳይለይ እንደሚመጣ ለማወቅ የሚወድ ሰው ይህን የማይነርን ወጣትነት ቢያስብ ይበቃዋል።

ጦርነትና ሕመም

ማይነር በተመረቀበት ዘመን የአሜሪካ ሰሜንና ደቡብ እርስ በርሳቸው እየተዋጉ ነበር። እርሱም በሰሜኑ፣ ማለት በፌዴራሉ መንግሥት ጦር ውስጥ ሐኪም ሁኖ ገባ። በሜይ 1864 ዓ.ም. በቨርጂኒያ ጫካ ውስጥ ዊልደርነስ ተብሎ የሚጠራው ጦርነት ሲደረግ የቁስለኞችን ስቃይ በዓይኑ አየ። በዚያ ጦርነት በሁለቱም ወገን ከ25,000 የሚበልጥ ሰው ሞቷል፣ ቆስሏል ወይም ደብዛው ጠፍቷል። ከተኩሱ የተነሣ ጫካው እሳት ስለ ተያያዘ፣ ከወደቁበት መነሣት ያልቻሉ ብዙ ቁስለኞች በእሳቱ አልቀዋል።

ማይነር ከጦር ሜዳ የከዳ አንድ የአየርላንድ ተወላጅ ወታደር ፊት በጋለ ብረት እንዲተኩስ ታዞ ነበር፣ የአእምሮውም ሕመም ከዚያ ጀመረው እየተባለ ብዙ ጊዜ ይነገራል። ታሪኩ ለጆሮ የሚጥም ቢሆንም ማስረጃው ደካማ ስለ ሆነ እኛ ነገራችንን በእርሱ ላይ አንመሠርትም። የተረጋገጠው ነገር ይህ ነው፤ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት የማይነር ጠባይ ተለወጠ። ኒው ዮርክ ሳለ ሌሊቱን በመጥፎ ሠፈሮች ማሳለፍ ጀመረ። ባልደረቦቹ የሆኑት መኮንኖች ሊያጠፉት እንደ ተማከሩበት አድርጎ ይጠራጠር ጀመር፤ ሽጉጥም ከጎኑ አልለይ አለ። በ1868 ዓ.ም. ዋሽንግተን በሚገኘው የመንግሥት የአእምሮ በሽተኞች ሆስፒታል ገብቶ ቢታከምም አልተሻለውም። የጦር ሠራዊቱም ሕመሙ በአገልግሎት ላይ ሳለ የመጣበት መሆኑን ተቀብሎ በጡረታ አሰናበተው።

በ1871 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ማይነር ዕረፍት ለማግኘት፣ ለማንበብና ሥዕል ለመሣል አስቦ ወደ ለንደን ተሻገረ። ነገር ግን ሰው አገሩን ጥሎ ቢሄድ ሕመሙን ጥሎ ሊሄድ አይችልም። ጠላቶቹ በሕልሙና በውኑ እየተከተሉት ባሕር ተሻገሩ።

የላምቤት ሌሊት

ማይነር ቤት የተከራየው ከቴምዝ ወንዝ በስተ ደቡብ ላምቤት በሚባለው ሠፈር ነበር። ላምቤት በዚያን ዘመን ፋብሪካና የቢራ መጥመቂያ የበዛበት፣ ድኾች ተጨናንቀው የሚኖሩበት ሠፈር ነው። ማይነር በየሌሊቱ ሰዎች ከወለሉ በታችና ከጣራው ሥር ተደብቀው እየቆዩ፣ እርሱ ሲተኛ ወደ ክፍሉ እየገቡ የሚያሠቃዩት ይመስለው ነበር። ከእነዚህም ብዙዎቹ የአየርላንድ ሰዎች ናቸው ይል ነበር። ወደ ፖሊስ ቢሮ እየሄደም አቤቱታ አሰምቷል። ፖሊሶቹ የሚናገረውን ሰምተው፣ ሰውየው ጤና እንደሌለው ተረድተው አሰናበቱት እንጂ የበለጠ ነገር አላደረጉም። ወጣት ሹማምንት የሆናችሁ አንባቢዎቻችን ይህን ነጥብ ልብ እንድትሉት እንወዳለን፤ አደጋው ከመድረሱ በፊት ማስጠንቀቂያው በመንግሥት ቢሮ ደጃፍ መጥቶ ነበርና።

በፌብሩዋሪ 17 ቀን 1872 ዓ.ም. ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ማይነር ከእንቅልፉ ባነነ። አንድ ሰው በአልጋው አጠገብ የቆመ መስሎት ሽጉጡን ይዞ ወደ መንገድ ሮጠ። በዚያን ሰዓት ጆርጅ ሜሬት የሚባል የ34 ዓመት ሰው ወደ ሥራው ይሄድ ነበር። ሜሬት በአንድ የቢራ ፋብሪካ የእሳት ማንደጃውን የሚቆሰቁስ ወዛደር ነው። ስድስት ልጆች ነበሩት፤ ሚስቱ ኤላይዛም ሰባተኛውን አርግዛ ነበር። ማይነር ከቤቱ የሸሸው ጠላት ይህ ነው ብሎ ደጋግሞ ተኮሰበት። ሜሬት አንገቱን ተመትቶ ወደቀ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። የጥይቱን ድምፅ የሰማው ፖሊስ ደርሶ ሲጠይቀው ማይነር አልሸሸም፣ አልካደምም። ሰው መግደሉን አመነ፤ ያጠፋው ግን የሚያሳድደውን ጠላት እንጂ መንገደኛ አለመሆኑን አጥብቆ ያምን ነበር።

ሕጉ ከየት መጣ?

የማይነር ፍርድ እንዴት እንደ ተሰጠ ለመረዳት ወደ ኋላ መለስ ማለት ያስፈልጋል። በ1800 ዓ.ም. ጄምስ ሃድፊልድ የሚባል፣ በጦርነት ጭንቅላቱን በጎራዴ የተመታ ወታደር፣ ለንደን በሚገኝ ቲያትር ቤት በንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛው ላይ ተኮሰ፤ ንጉሡም ዳኑ። ሃድፊልድ የራሱ ሞት ዓለምን የሚያድን መስሎት፣ ነፍሱን በገዛ እጁ እንዳያጠፋ መንግሥት እንዲሰቅለው ፈልጎ ነው ተኩሱን የተኮሰው። ጠበቃው ቶማስ ኧርስኪን፣ ሰው አስቦና ተዘጋጅቶ ሊሠራ ቢችልም፣ ሐሳቡ ራሱ ከሕመም የመነጨ ሊሆን እንደሚችል ለፍርድ ቤቱ አስረዳ። ሃድፊልድ ነፃ ተባለ። ነገር ግን ይህን የመሰለውን ሰው ወደ መንገድ መልቀቅ ስለሚያስፈራ፣ ፓርላማው በዚያው ዓመት አዲስ ሕግ አወጣ። በሕጉ መሠረት በዕብደት ምክንያት ነፃ የተባለ ሰው ጊዜው ሳይወሰን፣ ንጉሡ እስከ ፈቀዱ ድረስ ተዘግቶበት እንዲቀመጥ ተደረገ።

ከ43 ዓመት በኋላ ደግሞ ዳንኤል ማክኖተን የሚባል የስኮትላንድ እንጨት ሠራተኛ፣ ገዥው የፖለቲካ ወገን የሚያሳድደው እየመሰለው፣ የጠቅላይ ሚኒስትሩን የሰር ሮበርት ፒልን ጸሐፊ ኤድዋርድ ድራመንድን ገደለ። ጸሐፊውን የገደለው ጠቅላይ ሚኒስትሩ መስሎት እንደ ሆነ ይታመናል። ሐኪሞች ቀርበው ስለ ሕመሙ መሰከሩ፤ ጁሪ የተባሉት ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆችም ነፃ ነው አሉት። በዚህ ጊዜ ሕዝቡ እጅግ ተቈጣ። ቀደም ሲል ራሳቸው የተተኰሰባቸው ንግሥት ቪክቶሪያም አልተደሰቱም። የፓርላማው የላይኛው ምክር ቤት ዳኞቹን ጠርቶ ሕጉን እንዲያስረዱ ጠየቃቸው፤ እነርሱም በጁን 1843 ዓ.ም. መልሳቸውን ሰጡ። ከዚያ ወዲህ የማክኖተን ደንብ ተብሎ የታወቀው ይኸው መልስ ነው።

የደንቡ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። ማንኛውም ሰው ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ አእምሮው ጤነኛ እንደ ሆነ ይቈጠራል። ተከሳሹ በዕብደት ለመከላከል የሚወድ እንደ ሆነ ግን፣ ድርጊቱን በፈጸመበት ሰዓት ከአእምሮ ሕመም በመጣ የማስተዋል ጉድለት ምክንያት የሚያደርገው ነገር ምን እንደ ሆነ አለማወቁን፣ ወይም ቢያውቅም ክፉ መሆኑን አለማወቁን ማስረዳት አለበት። ይህ ደንብ ከእንግሊዝ አልፎ የእንግሊዝን የሕግ ሥርዓት በተከተሉ ብዙ አገሮች ተሠርቶበታል። ተቃዋሚዎችም አላጣም። አሜሪካዊው ሐኪም አይዛክ ሬይ ገና በ1838 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሕመም ዕውቀትን ብቻ ሳይሆን ፈቃድንና ስሜትንም እንደሚያበላሽ ገልጾ ነበር። አንዳንድ በሽተኛ ክፉ መሆኑን እያወቀ ራሱን መግታት ያቅተዋል፤ ደንቡ ግን የሚጠይቀው ስለ ማወቁ ብቻ ነው።

የማይነር ጉዳይ በኤፕሪል 1872 ዓ.ም. ኪንግስተን በተባለው ከተማ ችሎት ቀረበ። የቤቱ አከራይ፣ ፖሊሶቹና ከአሜሪካ የመጣው ወንድሙ ስለ ፍርሃቱና ስለ ሌሊት ቅዠቱ መሰከሩ። ማይነር ሽጉጥ ሰው እንደሚገድል ያውቅ ነበር፤ ሐኪም ነውና ይህን እንዴት ያጣዋል? ነገር ግን የተኮሰው ሌሊት በቤቱ ገብቶ ባሠቃየው ጠላት ላይ እንደ ሆነ በፍጹም ልቡ ያምን ነበር። ጁሪዎቹ በአእምሮው ሕመም ምክንያት ጥፋተኛ አይደለም ብለው ወሰኑ። ዳኛውም በ1800ው ሕግ መሠረት፣ የንግሥቲቱ ፈቃድ እስኪሆን ድረስ እንዲጠበቅ አዘዘ። ይህ የንግሥቲቱ ፈቃድ የተባለው ነገር ለማይነር 38 ዓመት ሆነ።

በዚያን ዘመን ሁሉም አገር፣ ሁሉም ችሎት እንዲህ አልፈረደም። በማይነር በራሱ አገር በ1881 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ጋርፊልድን የገደለው ቻርልስ ጊቶ፣ የአእምሮው ሁኔታ ብዙ ሐኪሞችን ያከራከረ ሰው ሁኖ ሳለ፣ በሚቀጥለው ዓመት ተሰቅሏል። የሟቹ ማዕረግ ከፍ ሲል የሕዝቡ ቁጣ ከፍ ይላል፤ ቁጣ ከፍ ሲል ደግሞ የሐኪም ምስክርነት የሚሰማው ያጣል።

ብሮድሙር

ማይነር የተላከው ከለንደን በስተ ምዕራብ፣ በበርክሻየር አውራጃ ክራውቶርን በምትባል መንደር አጠገብ ወደ ተሠራው ወደ ብሮድሙር ነበር። ብሮድሙር ወንጀል የሠሩ የአእምሮ በሽተኞች ለብቻቸው እንዲጠበቁ ተብሎ በ1863 ዓ.ም. የተከፈተ ሆስፒታል ነው። ከዚያ በፊት እንደነዚህ ያሉት ሰዎች ለንደን ባለው በቤተልሔም ሆስፒታል አንድ ክፍል ወይም በየወህኒው ተጨናንቀው ይኖሩ ነበር። ማክኖተንም ከቤተልሔም ወደዚሁ ተዛውሮ በ1865 ዓ.ም. እዚያው ሞቷል።

የብሮድሙር ግንብ ረዥም፣ መስኮቱም ባለ ብረት ነው። ሆኖም ዓላማው ቅጣት ሳይሆን ጥበቃና ሕክምና ስለ ነበር፣ በሽተኞቹ በአትክልት ቦታና በልዩ ልዩ የእጅ ሥራ እንዲውሉ ይደረግ ነበር። በዚያን ጊዜ አስተዳዳሪው ዶክተር ዊልያም ኦሬንጅ ነበር። ሥራው ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ ለማወቅ፣ በ1882 ዓ.ም. ዶክተር ኦሬንጅ ራሱ በአንድ በሽተኛ ጭንቅላቱን ተመትቶ ክፉኛ መጐዳቱን ማስታወስ ይበቃል።

ማይነር ጨዋና ጸጥተኛ ስለ ነበረ፣ የጦር ጡረታውም ይደርሰው ስለ ነበረ፣ ሁለት ክፍል ተሰጠው። አንደኛውን በመጻሕፍት መደርደሪያ ሞላው፤ የቆዩ መጻሕፍትንም ከለንደንና ከሌላም ቦታ እየገዛ አስመጣ። ቀን ቀን ያነባል፣ ይሥላል፣ ዋሽንቱን ይነፋል። ሌሊት ግን ጠላቶቹ ይመለሳሉ። ጠዋት ሲነሣ በሌሊት ስለ ደረሰበት ሥቃይ ለሐኪሞቹ አቤቱታ ያቀርባል። ቀን ሊቅ፣ ሌሊት ምስኪን ሁኖ ይኖር ነበር ለማለት እንችላለን።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። በማይነር ታሪክ ግን የወጋውም አልረሳም። ባደረገው ነገር ተጸጽቶ ለሟቹ ሚስት ለወይዘሮ ኤላይዛ ሜሬት የገንዘብ እርዳታ እንዲደርሳት አደረገ። እርስዋም የባሏን ገዳይ ለማየት ፈቃድ ጠይቃ ብሮድሙር ድረስ ሄደች። ሰባት አባት የሌላቸው ልጆች የቀሩባት ድኻ ሴት፣ ከገዳዩ ጋራ ፊት ለፊት ተቀምጣ መነጋገሯ በጊዜው ያሉትን ሰዎች እጅግ አስደንቋል። አንድ ጊዜ ብቻ ሄዳም አልቀረች፤ ለተወሰነ ጊዜ እየተመላለሰች ከለንደን መጻሕፍት ሻጮች ያዘዛቸውን መጻሕፍት ታመጣለት ነበር። ሕግ ለዚህች ሴት የሰጣት ነገር እምብዛም አልነበረም፤ ፍርዱ ስለ ገዳዩ እንጂ ስለ ሟቹ ቤተ ሰብ አያወሳምና። ይህ የዚያ ዘመን ሕግ ትልቅ ጉድለት ነበር እንላለን።

የቃላት መከር

በለንደን የነበረ አንድ የቋንቋ ሊቃውንት ማኅበር ከ1857 ዓ.ም. ጀምሮ ታላቅ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ለማዘጋጀት አስቦ ነበር። የመዝገበ ቃላቱ አሠራር ከቀደሙት የተለየ ነው። የቃሉን ትርጓሜ ሰጥቶ ማለፍ ብቻ ሳይሆን፣ ቃሉ መጀመሪያ በየትኛው መጽሐፍ፣ በምን ዓመት እንደ ታየና ትርጓሜው ከዘመን ወደ ዘመን እንዴት እንደ ተለወጠ ከመጻሕፍት በተገኘ ምስክር ማሳየት ይፈልጋል። በ1879 ዓ.ም. አዘጋጅነቱ ለጄምስ መሬይ ተሰጠ። መሬይ ከስኮትላንድ ገጠር የተነሣ፣ በአሥራ አራት ዓመቱ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ብዙ ቋንቋ በራሱ ጥረት የተማረ መምህር ነበር።

ይህን ያህል ሥራ ጥቂት ሰዎች ሊፈጽሙት አይችሉም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ መሬይ እንግሊዝኛ አንባቢ የሆነ ሁሉ እንዲረዳው በ1879 ዓ.ም. ጥሪ አሳተመ። የሚጠየቀው ይህ ነው፤ አንድ ሰው መጽሐፍ ሲያነብ ቃሉን፣ የመጽሐፉን ስም፣ ዘመኑን፣ ገጹንና ቃሉ የሚገኝበትን ዓረፍተ ነገር በትንሽ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፎ ይላክ። ከብዙ አገር ብዙ ሺህ ወረቀት መጣ። ነገር ግን ብዙዎቹ አንባቢዎች እንግዳና ጥንታዊ የሆነውን ቃል ብቻ እየለቀሙ፣ በየቀኑ የምንናገረውን ተራ ቃል ችላ ስላሉት ሥራው ተቸገረ።

ማይነር ይህን ጥሪ አግኝቶ ከ1880ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ መላክ ያዘ። አሠራሩ ከሌሎቹ ይለያል። አንድ መጽሐፍ ሲያነብ ለብቻው ወረቀት አጥፎ ትንሽ ደብተር ያዘጋጃል፤ በዚያ ላይ ቃላቱን በፊደል ተራ ከነገጻቸው በጥቃቅን ጽሕፈት ያሰፍራል። ብዙ መጻሕፍት እንዲህ ከመዘገበ በኋላ፣ አዘጋጆቹ አሁን የምትሠሩት በየትኛው ቃል ላይ ነው ብሎ ይጠይቃል። እነርሱም ሲነግሩት፣ ከደብተሮቹ ውስጥ ያንኑ ቃል ፈልጎ ምስክሩን ቀድቶ ይልካል። በዚህም ምክንያት የእርሱ ወረቀት ተከምሮ ተራውን የሚጠብቅ ሳይሆን፣ በተፈለገበት ሳምንት የሚደርስ ነበር። የቢሮ ሥራ የሚያውቅ ሰው የዚህን ጥቅም ወዲያው ይረዳዋል። በ1890ዎቹ በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ብቻ 12,000 ያህል ምስክሮች እንደ ላከ መሬይ ገልጿል። ያለፉትን አራት መቶ ዓመታት የቋንቋውን ታሪክ ከማይነር ወረቀቶች ብቻ በቂ አድርጎ ማሳየት እንደሚቻልም መስክሮለታል።

የሁለቱ ሽማግሌዎች ወዳጅነት

ስለ ሁለቱ ሰዎች መገናኘት አንድ የታወቀ ወሬ አለ። መሬይ፣ ማይነርን የሆስፒታሉ ሐኪም መስሎት ብዙ ዓመት ሲጻጻፍ ቆይቶ፣ አንድ ቀን ሊጐበኘው ሄዶ ከትልቅ ቢሮ ሲገባ፣ የፈለገው ሰው ሐኪም ሳይሆን በሽተኛ መሆኑን ከአስተዳዳሪው ሰማ ይባላል። ይህ ወሬ በ1915 ዓ.ም. በአንድ መጽሔት ታትሞ ዓለምን ያዳረሰ ቢሆንም እውነት አይደለም። በእርግጥ መሬይ በመጀመሪያ ሐኪም ነው ብሎ ገምቶ ነበር። ኋላ ግን እውነቱን ከአንድ አሜሪካዊ የቤተ መጻሕፍት ሹም ሰማ። ነገሩን ካወቀ በኋላ ደብዳቤውን ሳያቋርጥ፣ ቃሉንም ሳያቀዘቅዝ፣ በጃንዋሪ 1891 ዓ.ም. አውቆ ሊጐበኘው ሄደ። እኛ እንደሚመስለን እውነቱ ከወሬው ይበልጣል። ሳያውቁ ከነፍሰ ገዳይ ጋራ መወዳጀት አጋጣሚ ነው፤ አውቆ መወዳጀት ግን ትልቅ ልብ ይጠይቃል።

ከዚያ በኋላ መሬይ ለብዙ ዓመታት እየተመላለሰ ይጐበኘው ነበር። ሁለቱም ጢማቸው ረዥምና ነጭ፣ መልካቸውም የተቀራረበ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ በመጻሕፍቱ መካከል ተቀምጠው ስለ ቃላት ይጫወታሉ። ሆኖም ሥራውና ወዳጅነቱ ማይነርን አጽናኑት እንጂ አላዳኑትም። ዕድሜው በገፋ መጠን ሕመሙ እየጠነከረ ሄደ። በዲሴምበር 1902 ዓ.ም. በሚያሠቃየው ሐሳብ ተነድቶ በገዛ አካሉ ላይ በቢላዋ እጅግ ከባድ ጉዳት አደረሰ። ሐኪም ስለ ነበረ ደሙን ማቆም ቻለና ከሞት ተረፈ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ጉልበቱ ደከመ፣ ለመዝገበ ቃላቱም የሚልከው እየቀነሰ ሄደ።

የመጨረሻ ዘመኑ

በ1910 ዓ.ም. መሬይና ሌሎች ወዳጆቹ፣ ይህ የደከመ ሽማግሌ በአገሩ እንዲሞት ለመንግሥት አመለከቱ። በዚያን ጊዜ የአገር ግዛት ሚኒስትር የነበረው ወጣቱ ዊንስተን ቸርችል ነበር። ቸርችልም ማይነር ከእንግሊዝ ወጥቶ ወደ አሜሪካ እንዲመለስ ፈቀደ። በኤፕሪል ወር መሬይ ከባለቤቱ ጋራ መጥቶ ተሰናበተው። ማይነርም ከ42 ዓመት በፊት ወደ ገባበት ወደ ዋሽንግተኑ ሆስፒታል ተመለሰ። በዚያ ያሉት ሐኪሞች ሕመሙን ዛሬ ስኪዞፍሬኒያ በሚባለው ወገን መደቡት። ለዚህ ሕመም የሚረዳ መድኃኒት በሐኪሞች እጅ የገባው ግን በ1952 ዓ.ም. ነው፤ ለማይነር እጅግ የዘገየ ነበር። ወደ መጨረሻው ዘመድ ወስዶት በኮኔቲከት በሚገኝ የሽማግሌ በሽተኞች ማረፊያ ኖረ፤ በማርች 1920 ዓ.ም. በ85 ዓመቱ አረፈ። በተማረባት ከተማ በኒው ሄቨንም ተቀበረ።

መሬይ ከእርሱ ቀድሞ በ1915 ዓ.ም. ሞቶ ነበር። ሁለቱ ያላዩት የመዝገበ ቃላቱ ፍጻሜ በ1928 ዓ.ም. ሆነ። ሥራው 414,825 ቃላትንና ከ1,800,000 የሚበልጡ የመጻሕፍት ምስክሮችን ይዟል። ከነዚያ ምስክሮች ብዙ ሺሁ ከብሮድሙር የተጻፉ ናቸው። መዝገበ ቃላቱን የሚገልጥ ተማሪ ግን ይህን አያውቅም፤ ቃሉ በየትኛው ክፍል፣ በየትኛው እጅ እንደ ተቀዳ ገጹ አይናገርም።

የማይነርን ታሪክ ስናስብ ሦስት ነገር ልንለይ ይገባናል። አንደኛ፣ ሕግ በሽተኛን ከወንጀለኛ ለይቶ ማየቱ ገዳይን ማባበል አይደለም። ማይነር አልተሰቀለም፤ ግን ከተፈረደባቸው ብዙ ነፍሰ ገዳዮች ይልቅ ረዥም ዘመን ተዘግቶበት ኖሯል። ሕዝቡም ከአደጋ ተጠብቋል። እንግሊዞች ንግሥቲቱ ስላልተደሰቱ በ1883 ዓ.ም. የፍርዱን ቃል ለውጠው እንዲህ ያለው ሰው ጥፋተኛ ነገር ግን ዕብድ እንዲባል ቢያደርጉም፣ የሚደረግበትን ነገር አልለወጡም። በ1964 ዓ.ም. ደግሞ ቃሉን ወደ ቀድሞው መልሰውታል። ሁለተኛ፣ ሥራ የታመመውን ሰው ባያድነውም ክብሩን ይጠብቅለታል። ብሮድሙር ማይነርን በሰንሰለት አስሮ በጨለማ ቢያስቀምጠው ኖሮ፣ ሕመሙ ያው ሁኖ ሥራው ብቻ ይቀር ነበር።

ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የጆርጅ ሜሬት ነገር ነው። የማይነር ስም በሊቃውንት ዘንድ በምስጋና ሲነሣ፣ የሜሬት ስም የሚነሣው ገዳዩ ስለ ታወቀ ብቻ ነው። በዚያች ሌሊት እሳት ሊያነድ ወደ ሥራው የሄደው ሰው ማንንም አልበደለም። ፖሊስ የማይነርን አቤቱታ ሲሰማ ወደ ሐኪም ቢመራው ኖሮ፣ ምናልባት ሜሬት ለልጆቹ፣ ማይነርም ለራሱ በተረፈ ነበር። በየቢሮው ተቀምጦ አቤቱታ የሚቀበል ወጣት ሹም፣ የማይጨበጥ ነገር የሚናገር ሰው ከፊቱ በቆመ ጊዜ ይህን ታሪክ ቢያስታውስ፣ የማይነር ሕይወት ከመዝገበ ቃላት ሌላ አንድ ተጨማሪ ጥቅም አስገኘ ማለት ነው።